አዝርዕት በጭንቅ ጊዜ የሚያሳዩት ጠባይና ሊቃውንት ጠባያቸውን የሚመረምሩበት መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የባዮሎጂ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ሌሎቹ ጓደኞቻችን ስለ ጠፈር ጉዞና ስለ ኮምፒዩተር የተናገሩትን ሰምታችኋል። እኛ የመረጥነው ነገር ከዚያ ዝቅ ያለና ከእግራችን ሥር ያለ ነው። ይኸውም፥ በማሳ ላይ የቆመ አንድ የማሽላ ወይም የጤፍ ተክል ዝናብ ሲቀርበት፣ ውርጭ ሲመታው ወይም ውሃ ሲተኛበት ምን ያደርጋል? ሊቃውንትስ ያደረገውን በምን ያውቃሉ? የሚለው ጥያቄ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ኤል ኒኞ የተባለው የውቅያኖስ ሙቀት ለውጥ ዝናባችንን ባዛባ ጊዜ፣ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተገልጦ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን፤ ወላጆቻችን ግን ያስታውሱታል። ታዲያ በዚያ ዓመት በአንድ ቀበሌ ውስጥ የአንዱ ገበሬ ማሽላ ደርቆ የጎረቤቱ ጥቂትም ቢሆን ፍሬ ሰጥቶ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ነግረውናል። ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የተማሪ ተግባር ነው ብለን እናምናለን።

በሬ ሲጠማው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ፍየል ፀሐይ ሲበረታባት ጥላ ትፈልጋለች። ተክል ግን ከበቀለበት ስንዝር አይርቅም። ስለዚህ መከራውን ሁሉ በቆመበት መቀበል አለበት፤ የሚለውጠውም ቦታውን ሳይሆን ራሱን ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ተክሉ እንደ ልቡ እንዳያድግና እንዳያፈራ የሚያደርገውን ነገር ሁሉ የአካባቢ ጭንቅ ይሉታል። ድርቅ አለ፤ ሙቀት አለ፤ ውርጭ አለ፤ የአፈር ጨውና የአፈር ኮምጣጣነት አለ፤ በጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ውሃ ተኝቶ ሥሩን ማፈኑ አለ። እነዚህ ለየብቻ የቆሙ ይምሰሉ እንጂ ብዙዎቹ በውስጣቸው አንድ ናቸው። ውርጭ በተክሉ ሕዋሳት መካከል በረዶ ሲሠራ ውሃውን ከሕዋሳቱ ስቦ ያወጣዋል፤ ጨውም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ይዞ ሥሩን ይከለክለዋል። እንግዲህ ውርጭም ጨውም በመጨረሻ ጥም ናቸው ማለት ነው። እኛም በዛሬው ንግግራችን ይልቁንም በጥም ላይ እንቈያለን።

የዚህ ምርምር የመጀመሪያ መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው፤ ሚዛን ነው። በእንግሊዝ አገር ስቲፈን ሄልስ የተባለ ቄስ በ1724 ዓ.ም. ክረምት፣ በእነሱ አገር በጋ ማለት ነው፣ አንድ ሱፍ በሸክላ ዕቃ ተክሎ ውሃው በአፈሩ በኩል እንዳይተን አፉን በእርሳስ ዝርግ ከደነው። ከዚያ በኋላ ለ15 ቀን ጧትና ማታ መዘነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከዕቃው የጎደለው ክብደት በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ሆነ። ውሃው በሌላ መውጫ ስለሌለው የወጣው በቅጠሉ ነው። ሌሊት የሚጎድለው በጣም ጥቂት ነበር፤ ጤዛ በወረደ ሌሊት ደግሞ ምንም አይጎድልም ነበር። ሄልስ ይህን ሁሉ ጽፎ በ1727 ዓ.ም. አሳተመው። ያለ ላቦራቶሪና ያለ ኤሌክትሪክ በአንድ ሚዛንና በትዕግሥት ብቻ የተሠራ ሥራ ስለ ሆነ፣ እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ይህ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ብሪግስና ሻንትስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኮሎራዶ በተባለው ደረቅ አገር ይህንኑ ሥራ በብዙ አዝርዕት ላይ አደረጉት። ትልልቅ ቆርቆሮ ዕቃዎች ውስጥ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎና አልፋልፋ የተባለውን የከብት መኖ ዘርተው የጠጡትን ውሃ ሁሉ መዘኑ። ከዚያም አጭደውና አድርቀው ተክሉን መዘኑ። ውጤታቸው፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ነገር ለማብቀል ስንዴ 500 ኪሎ ገደማ ውሃ ይፈልጋል፤ ማሽላ ግን 300 ገደማ ይበቃዋል፤ አልፋልፋ ከ800 በላይ ይጠጣል የሚል ነበር። ይህን በቤታችን መለኪያ ብናደርገው፣ ለአንድ ኪሎ ስንዴ ከነአገዳው 25 ጀሪካን ውሃ፣ ለማሽላ 15 ጀሪካን ያህል ነው። ውሃ የምትቀዱ እኅቶቻችን ይህን ቍጥር ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ለምን ይህን ያህል ውሃ ይባክናል? ቢባል፣ ቅጠል ምግቡን የሚሠራው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህንንም የሚያስገባው ስቶማታ በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን አፎች ነው። አፉ ሲከፈት ምግቡ ይገባል፤ ነገር ግን በዚያው በር ውሃው ይወጣል። አፉን ቢዘጋ ውሃው ይድናል፤ ነገር ግን ይራባል። እንግዲህ ድርቅ በመጣ ቍጥር ተክሉ ረኃብን ከጥም ጋር እያመዛዘነ መኖሩ ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ጤፋችን በ1960ዎቹ ዓመታት በተገለጠ ልዩ ዘዴ ይህን አየር በቅጠላቸው ውስጥ ያከማቹታል፤ ስለዚህ አፋቸውን በጥቂቱ ከፍተው ሊጠግቡ ይችላሉ። ስንዴና ገብስ ይህ ዘዴ የላቸውም።

እነዚህን አፎች ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እኛ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በቅጠሉ ጀርባ ላይ ቀብተን፣ ሲደርቅ በፕላስተር ልጠን በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አይተናቸዋል። በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የበቆሎ ጣሳዎች ቆመዋል። በስተቀኝ ያለው ውሃ የጠጣ ነው፤ በስተግራ ያለው ውሃ ከቀረበት ሰንብቷል። የግራው ቅጠል እንደ ቱቦ መጠቅለሉን ከኋላ የተቀመጣችሁም ሳታዩት አትቀሩም። መጠቅለሉ ፀሐይ የሚያርፍበትን ስፋት ስለሚያሳንስ መከላከያ ነው እንጂ ገና ሞት አይደለም። ገበሬ ማለዳ ወደ ማሳው ሄዶ ቅጠሉ ተዘርግቶ ቢያገኘው ተስፋ የሚያደርገው፣ ማለዳም ተጠቅልሎ ቢያገኘው የሚያዝነው ስለዚህ ነው። ሊቃውንቱም ከሚለኩት ሰዓቶች አንዱ ልክ ይህ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ያለው ሰዓት ነው።

ተክሉ ምን ያህል እንደ ተጠማ በቍጥር ለመናገር ግን ሌላ መሣሪያ አስፈልጎ ነበር። ሾላንደር የተባለ ሊቅና ጓደኞቹ በ1965 ዓ.ም. ይህን አሳዩ። ቅጠሉን ወይም ቅርንጫፉን ቈርጠው፣ የተቈረጠው ጫፍ ብቻ ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርገው በጠንካራ ብረት ዕቃ ውስጥ ይዘጉበታል። ከዚያም አየር እየጨመሩ ያስጨንቁታል። በተቈረጠው ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ብቅ ባለ ጊዜ የተጨመረውን ግፊት ያነባሉ። ተክሉ ውሃውን በሥሩ ይስብበት የነበረው ኃይል ያን ያህል ነበር ማለት ነው። ብዙ ተክል ጠውልጎ እንዳይመለስ ሆነ የሚባለው በ15 አትሞስፌር ገደማ ሲደርስ ነው፤ የመኪና ጎማ ግፊት 2 አትሞስፌር ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ የዝምተኛው ተክል ጉልበት ያስገርማል። እነዚህ ሰዎች በአሜሪካ ካሉት እጅግ ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ቅርንጫፍ ለማግኘት በጠመንጃ እየተኰሱ ያወርዱ እንደ ነበር ስናነብ ጥቂት ሳቅን።

አሁን የምንነግራችሁ ፈተና ከሁሉ ይበልጥ የወደድነው ነው። ተክል መጠማቱን የሚያውቀው ማነው? ቅጠሉ ነው ወይስ ሥሩ? ቀድሞ የሚታሰበው ቅጠሉ ውሃ ሲጎድልበት አፉን ይዘጋል ተብሎ ነበር። በእንግሊዝ አገር ያሉ ሊቃውንት ግን የአንዱን ትንሽ የቱፋሕ ዛፍ ሥር ለሁለት ከፍለው ግማሹን በአንድ ዕቃ፣ ግማሹን በሌላ ዕቃ ተከሉት። አንዱን ዕቃ ውሃ አጠጡ፤ ሌላውን አስጠሙ። የጠጣው ሥር ለቅጠሉ የሚበቃ ውሃ ይልክ ነበር፤ ሆኖም የቅጠሉ ዕድገት ተገታ። ቀጥለውም የደረቀውን ሥር ቈርጠው ጣሉት። ምን ሆነ? ግማሽ ሥሩን ያጣው ዛፍ ዳግመኛ ማደግ ጀመረ! እንግዲህ የደረቀው ሥር እያደረገ የነበረው ውሃ መንሣት ብቻ ሳይሆን ወሬ መላክ ነበር፤ ወሬኛው ሲወገድ ወሬው ቀረ። ይህ በ1990 ዓ.ም. ታተመ። ከወሬው ቃላት አንዱ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ቅመም ነው፤ እሱም በ1960ዎቹ ዓመታት የጥጥ ፍሬ ለምን ይረግፋል፣ የዛፍ እንቡጥ ለምን ይተኛል ብለው በሚመረምሩ ሰዎች እጅ የተገኘ ነው። ወሬው በዚህ ብቻ እንደማያበቃም ታውቋል፤ በ2018 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት ከሥር ተነሥቶ ቅጠል ሲደርስ ይህን ቅመም የሚያሠራ ሌላ ትንሽ መልእክተኛ በአንዲት የምርምር አረም ውስጥ አግኝተዋል።

ዛሬ በአንድ ማሳ ያሉትን በሺህ የሚቈጠሩ ተክሎች አንድ በአንድ ማስጨነቅ ስለማይቻል ሙቀትን በሚያይ ካሜራ ይጠቀማሉ። ምሥጢሩ እንስራ ነው። ውሃ የያዘ የሸክላ እንስራ ላቡ እየተነነ ውስጡ እንደሚቀዘቅዝ፣ አፉን የከፈተ ቅጠልም ውሃው ሲተን ይቀዘቅዛል፤ የዘጋው ግን ይሞቃል። ካሜራው በአብራሪ አልባ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ተጭኖ ሲያልፍ የተጠማው ተክል በሥዕሉ ላይ ተለይቶ ይታያል። ሥርን ለማየትም ባለ መስታወት ግድግዳ ጉድጓድ ይሠራሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። በጣሳ ውስጥ ያለ ተክል በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ሥሩም መሄጃ የለውም። በማሳ ያለው ግን ቀስ በቀስ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ሥሩንም ወደ ታች ይሰዳል። ስለዚህ በጣሳ የበረታው ሁሉ በማሳ አይበረታም፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሸፍን ተንቀሳቃሽ ጣራ በማሳ ላይ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ደግሞም ሳይሞት መቈየትና ፍሬ መስጠት አንድ አይደሉም። ቁልቋል ድርቅን ከማንም ይበልጥ ይችላል፤ እንጀራ ግን አይሆንም። “ድርቅ ቻይ ዘር” የሚል ቃል በሬዲዮ ስንሰማ፣ መቼ የመጣን ድርቅ? ብለን ብንጠይቅ ደፋሮች አያሰኘንም። በመዝሪያ ጊዜ ነው? ወይስ አበባው በወጣ ጊዜ? ወይስ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ? ለየአንዳንዱ የሚበጀው ጠባይ የተለየ ነው።

ይህን ወላጆቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራሉ፤ የበልጉ ዝናብ ቢቀርና ማሽላው ቢጠፋ መልሰው አርሰው በሐምሌ ጤፍ ይዘሩበታል፤ ያም ካልሆነ ሽምብራ አለ። ሊቃውንቱ ይህን ከድርቅ ማምለጥ ይሉታል፤ ድርቁ ሳይደርስ ቶሎ ደርሶ መገኘት ነው። ሁለተኛው መንገድ ግን ቈይቶ ውሃን መቈጠብ ነው፤ ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከዚሁ ከአገራችን የሄደ ማሽላ ነው።

ከኢትዮጵያ የተወሰደ ዱራ ከተባለው ወገን የሆነ አንድ ማሽላ በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ቁመቱ አጥሮና ቶሎ እንዲያብብ ሆኖ ተዳቀለ፤ ከእሱም ቢ-35 የተባለ ዘር ወጣ። ይህ ዘር ከአበባ በኋላ ድርቅ ሲመጣ ሌላው ማሽላ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ እየነደደ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቈያል፤ አገዳውም አይወድቅም። ብዙ ዓመት ሰዎች ምሥጢሩን በቅጠሉ ውስጥ ፈለጉት። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ የሚሠሩ ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋር በ2014 ዓ.ም. ያሳተሙት ግን ሌላ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ነው። ይህ ተክል የሚያቆጠቁጠው ጥቂት ነው፤ የላይ ቅጠሎቹም አነስ ያሉ ናቸው። ቅጠሉ ጥቂት ስለ ሆነ ከአበባ በፊት የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ የተረፈው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ይቀመጥና ፍሬው በሚሞላበት በክፉው ጊዜ ይደርስለታል። በልጅነቱ የተንዠረገገው ማሽላ ለዓይን ያማረ ቢሆንም የኋላውን ውሃ አስቀድሞ የጠጣ ነው። በነገራችን ላይ፣ አረንጓዴ የቀረው አገዳ ለከብት መኖነቱ የተሻለ ስለ ሆነ ላም ያላት ቤት ሁለት ጊዜ ትጠቀማለች።

ከማሽላ ጋር ስማቸው የማይለይ አንድ የአገራችን ሰው አሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ወሎንኮሚ በተባለች መንደር በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ለመማር 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን ከትምህርት ቤት አጠገብ እየሰነበቱ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማና ከዓለማያ በኋላ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በሱዳን ሲሠሩ ሐጊን ዱራ-1 የተባለውን ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ፤ እሱም በ1983 ዓ.ም. ለገበሬ ተሰጠ። በኋላም የማሽላን ሥር የምትመጠውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዘሮችን ከጓደኞቻቸው ጋር አስገኝተው በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከሩቅ ቀበሌ በእግራችሁ የምትመጡ ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ እንድትሰሙልን ወደድን።

ወደ ጤፍ ስንመጣ ችግሩ የአበባው ትንሽነት ነበር። አዲስ ዘር ለማውጣት የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ማሻገር ያስፈልጋል፤ የጤፍ አበባ ግን ከማነሱ በላይ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት መካከል ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባው ማለዳ በጣም ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ በደብረ ዘይት ምርምር ማእከል ማዳቀል ተቻለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣውና ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ቁንጮ የዚህ ማለዳ ሥራ ፍሬ ነው። የጤፍ የዘር መጽሐፍ ረቂቅ በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። ጤፍ በጥቁር አፈር ላይ የተኛ ውሃ ከብዙ አዝርዕት ይልቅ ይችላል፤ ትልቁ ጠላቱ መጋሸብ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ሲመታው፣ ማዳበሪያም ሲበዛለት ይተኛል። ቀኝ የተባለ አንድ አጭር ጤፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ ወደ ቀኝ ተጠማዘው ተገኝተዋል፤ ስሙ ከጠባዩ ጋር መስማማቱ ደስ ያሰኛል።

ከውሃ ብዛት አንጻር ግን የሩዝን ሳንጠራ አናልፍም። ሩዝ ጎርፍ ሲውጠው ብዙውን ጊዜ ራሱን ከውሃው በላይ ለማውጣት ይቸኩልና ስንቁን ጨርሶ ይሞታል። በሕንድ አገር በኦሪሳ ገበሬዎች ዘንድ የነበረ አንድ አሮጌ ሩዝ ግን አይቸኩልም፤ ጎርፉ እስኪያልፍ ዕድገቱን አቁሞ ይጠብቃል። ይህን ጠባይ የሚያዘው የዘር ቅንጣት በ2006 ዓ.ም. ተገለጠ። በ2009 ዓ.ም. ገበሬዎች ለሚወዱት ሩዝ ይህ ጠባይ ተጨምሮለት በሕንድ አገር ወጣ፤ እሱም ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይድናል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማሽላውም ሩዙም የወጡት ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከገበሬ ጎተራ ነው። ሊቃውንቱ መረመሩት እንጂ አልፈጠሩትም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ዓ.ም. አገራችንን በበቅሎ እየዞረ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው ይህን አውቆ ነው፤ እሱ ራሱ በ1943 ዓ.ም. በአገሩ እስር ቤት ሞተ። በአገራችንም የዘር ማስቀመጫ ማእከል በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማእከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬው ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር መጠበቅ አለበት ብለው የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህም ሥራቸው በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

የሚያሳስበን ይህ ነው። አዲሱ ዘር ብዙ ስለሚያፈራ ቢዘራ መልካም ነው፤ እኛም አንቃወመውም። ነገር ግን አሮጌው ዘር አንድ ዓመት ሳይዘራ፣ ሁለተኛም ዓመት ሳይዘራ ቢቀር በጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ በክፉ ዓመት ደግሞ ተፈጭቶ ይበላል። ከእሱ ጋር የሚጠፋው ጠባይ ምን እንደ ነበረ የሚነግረን አይኖርም፤ ያልተመዘነና ያልታየ ስለ ሆነ።

በዚህ ምክንያት ክበባችን የማሽላ ዘሮችን ስም በደብተር መጻፍ ጀምሯል። ወተት በጉንጬ፣ ጅጉርቴ፣ ደጋሊት የተባሉት ተጽፈዋል፤ በስም የሚመሳሰሉ፣ በጠባይ የሚለያዩ መኖራቸውን ስለ ተረዳን ግን መዝገቡ ብዙ ይቀረዋል። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው፥ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በባዮሎጂ ክፍል በር አጠገብ ደብተሩን ይዘው የሚቆሙ ሁለት ጓደኞቻችን ስላሉ፣ የምታውቁትን የዘር ስም፣ በየትኛው ወር እንደሚዘራ፣ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ከላይ ወይስ ከታች መድረቅ እንደሚጀምር፣ አሁንም ማን እንደሚዘራው እንድትነግሩልን ነው። አንድ ዛላ ብታመጡልን ደግሞ በሚመጣው ሚያዝያ ከትምህርት ቤቱ አጥር ግቢ በስተጀርባ በተሰጠን መደብ ላይ እንዘራዋለን፤ በየትኛው መደብ ላይ እንደ ተዘራም የሰጠው ሰው ስም በእንጨት ላይ ተጽፎ ይተከላል።